ከ7 ዓመት በኋላ ወደ ሥጋ መመለስ፦ ከፍልሰታ ፍቺ እስከ መስቀል 5 ሳምንት ይበቃል?

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ሰላም ለቤቱ። 7 ዓመት ሙሉ ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላልና ቅቤ ያልነካ ሆድ እንዴት ነው ወደ ፍስክ የሚመለሰው? ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። መስቀልን ጉራጌ አገር ነኝ፤ ክትፎ ቀርቦ «አልበላም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ጾመ ፍልሰታ ከሚፈታበት ከነሐሴ 16 ብቆጥር 5 ሳምንት አለ። አንዱ «ሥጋ የሚፈጨው ኢንዛይም ከሰውነትሽ ጠፍቷል» ይለኛል፣ ሌላው «ዝም ብለሽ ጉረሺ» ይለኛል። ለምን ተውሽ፣ ለምን ተመለስሽ የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየውና እንዴት የሚለውን ብቻ ንገሩኝ። ግራም፣ ቀን፣ አበሳሰል።

ድራፍትና ቁርጥ

ምን ግራም ያስፈልገዋል? ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ የሚበላው ሕዝብ ሚዛን ይዞ ነው እንዴ? ግማሽ ኪሎ ጥብስ፣ አዋዜ፣ አለቀ።

ሐሞትና ቆሽት

@ድራፍትና ቁርጥ በፋሲካ ማግስት ሆዱን ይዞ የሚውለውንም አብረህ ቁጠረው እንጂ። ደግሞም 55 ቀንና 7 ዓመት አንድ አይደሉም፤ ምክንያቱን ወደ ታች አመጣዋለሁ።

መጀመሪያ ኢንዛይሙ። አይጠፋም። የጨጓራው ፔፕሲንና ከቆሽት የሚወጣው ትሪፕሲን ሥራቸው ፕሮቲን መቆራረጥ ነው፤ ፕሮቲኑ ከምስር ይምጣ ከበሬ አይጠይቁም። 7 ዓመት ሽሮና ክክ ሲፈጩልሽ የኖሩት እነሱው ናቸው። ስለዚህ ያ ወሬ ይቅር።

ሆድ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ስብ ጨጓራ ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋል፤ አንድ ሰሃን ክትፎ ሲበላ ድንጋይ የተቀመጠ የሚመስለው ለዚህ ነው። ዘይት የበዛበት የጾም ወጥ ስትበዪ ከኖርሽ ሐሞትሽ ሥራ አልፈታምና ብዙም አይደንቀውም። ቅቅልና ሰላጣ ላይ የኖረ ሰው ግን ቀስ ማለት አለበት። የሐሞት ጠጠር ኖሮት ያላወቀ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ቅባት ያለው ማዕድ ያሳውቀዋል፦ ከምግብ በኋላ በቀኝ ጎድን ሥር ወይም ከልብ በታች መሀል ላይ የሚጀምር፣ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ ሕመም። ይህ «ሥጋ አልተስማማኝም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ አልትራሳውንድ ይታያል። ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከተጨመረበት በዚያው ቀን ሐኪም ቤት።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ሥጋው ሲገባ ምስሩ ይወጣል። ሥጋ ውስጥ አሰር (ፋይበር) የሚባል ነገር የለም፤ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በአንድ ጊዜ ከቀሩ በሦስተኛው ቀን ሆድ ይደርቃል፣ ጥፋቱም ለሥጋው ይሰጣል። የአንጀት ባክቴሪያዎች ከአዲስ አመጋገብ ጋር በቀናት ውስጥ መለዋወጥ ይጀምራሉ፤ ያ ሽግግር ያለ ንፋትና ያለ ጩኸት የሚያልፈው ድሮ የሚበሉት ነገር ካልተቋረጠባቸው ነው። ሥጋውን ጨምሪ፣ ምስሩን አታውጪ።

አሁን 7 ዓመቱ። ሰውነት፣ በአብዛኛው ጉበት ውስጥ፣ የሚያከማቸው ቪታሚን ቢ12 ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ምንም ሳይገባ ለዓመታት ያቆያል። 55 ቀን የጾመ ሰው ከዚያ ጎተራ ቢነካ ጥቂት ነው። 7 ዓመት እንቁላልም ወተትም ያልነካ ሰው ግን ኪኒን ካልወሰደ ጎተራው ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት የደም ምርመራ፦ ቢ12፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ) እና ሙሉ የደም ቆጠራ። ቢ12 በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው፤ ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ስለሆነ ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባለውን ተጨማሪ ምርመራ ጠይቂ።

እዚህ ላይ የኛ ማዕድ የሚያመጣው አንድ ወጥመድ አለ። ምስርና ጎመን ፎሌት የሚባለው ቪታሚን የሞላባቸው ናቸው። ፎሌት ሲበዛ በቢ12 እጥረት የሚመጣው የደም ማነስ ሳይታይ ይቀራል፤ የነርቭ ጉዳቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። «ደሜ ሙሉ ነው» ብሎ መዝናናት አይበቃም። እጅና እግር ላይ መደንዘዝ ወይም እንደ መርፌ መውጋት ካለ ሄሞግሎቢን 14 ቢሆንም ቢ12 ይታያል።

ሥጋ ጀምሬአለሁ ብሎ ኪኒን መጣልም ስህተት ነው። የአዋቂ የቀን ፍላጎት 2.4 ማይክሮግራም ነው። 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ወደ 2.5 ይሰጣል፤ 30 ግራም ጥሬ ሥጋ ሲበስል 22 ግራም ገደማ ስለሚሆን ከ1 በታች ነው። እጥረቱ አንዴ ከተገኘ ሥጋ ብቻውን አይሞላውም፤ መርፌው ወይም 1000 ማይክሮግራሙ ኪኒን በሐኪም ይታዘዛል። ሜትፎርሚን (የስኳር በሽታ መድኃኒት) ወይም ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻ) የሚወስድ ሰው ቢ12ን ከምግብ መምጠጥ ይቀንስበታልና ሥጋ እየበላም ሊጎድለው ይችላል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ኪኒኑን ከምርመራው በፊት ልጀምር ወይስ ልቆይ?

ሐሞትና ቆሽት

አዲስ ልትጀምሪ ከሆነ መጀመሪያ ደም ስጪ። ስትወስጂ ከቆየሽ አታቋርጪ፣ ግን ቁጥሩን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል መጠኑንና መጨረሻ የወሰድሽበትን ቀን ለሐኪሙ ንገሪ።

የድስቱ ዳር

ከግራሙ በፊት ምግቡ። የመጀመሪያው ሥጋ መግባት ያለበት ሆድ በሚያውቀው ነገር ውስጥ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከቦዘና ሽሮ የተሻለ የለም። ሽሮው ያው የምታውቂው ሽሮ ነው፣ ሥጋው እንግዳ ነው።

ለአንድ ሰው፦ 30 ግራም ስብ የሌለው የበሬ ሥጋ (በጥሬው የተመዘነ)፣ አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ (ምጥን ሽሮ ከሆነ ግማሽ)፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ሽሮ፣ ውሃ ወደ 450 ሚሊ ሊትር። ሽንኩርቱን ድቅቅ አድርጎ ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥ ማቁላላት፤ ከዚያ ዘይቱ፣ በርበሬው፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ፣ 10 ደቂቃ። ሥጋው ከሽምብራ ፍሬ ባልበለጠ ይከተፍና ቁሌቱ ውስጥ ይግባ፤ መልኩ ሲለወጥ 200 ሚሊ ውሃ ጨምሮ ከድኖ 20 እስከ 25 ደቂቃ። ሥጋው በጣት ሲጫኑት እጅ ሲሰጥ ቀሪው ውሃ ገብቶ ይፈላ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይግባ፣ ሽሮው እየተነሰነሰና እየተማሰለ ይግባ፣ በዝግታ 15 ደቂቃ።

ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሽሮው ፈልቶ ሳለ ጥሬ ሥጋ ይጨምራል፤ ሽሮው ከታች ያራል፣ ሥጋው ከላይ ላስቲክ ይሆናል። ከዚያ «ማኘክ አቃተኝ» ይመጣል። 7 ዓመት ጅማት ያላኘከ መንጋጋ ደግሞ በእውነት ይደክማል። ሥጋ ሲቆረጥ የጭረቱን አቅጣጫ አይቶ ተሻግሮ መቁረጥ ነው፤ ጭረቱን ተከትሎ የተቆረጠ ሥጋ የቱንም ያህል ቢበስል ክር ይሆናል።

በአሜሪካ ገበያ «93 በመቶ ሊን» የሚለው የተፈጨ ሥጋ ለጅማሮ ይስማማል። አንድ ፓውንድ 454 ግራም ስለሆነ 15 ባለ 30 ግራም ድርሻ ይወጣዋል። በየትንንሽ ላስቲክ ጠፍጠፍ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ማኖር፤ ማታ ወደ ፍሪጅ ይወርዳል፣ ጠዋት ለቋል። ድብልብል አድርገሽ ካቀዘቀዝሽው ውጭው ለቆ መሀሉ በረዶ ይሆናል።

ሐሞትና ቆሽት

በቦዘናው ላይ አንድ ልጨምር። ሥጋ የራሱን ብረት ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ በዚያው ማዕድ ላይ ያለውን የሽሮና የምስር ብረትም አንጀት የበለጠ እንዲመጥ ያደርጋል። ከሥጋ የሚገኘው ብረት ከ15 እስከ 35 በመቶ ይመጠጣል፤ ከእህል የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የጤፍ ብረት ተብሎ የሚወራለት ቁጥር ደግሞ ከፊሉ በአውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው፤ ያ ለሰውነት እምብዛም አይሆንም። ስለዚህ 30 ግራሟ ትንሽ ብትመስልም ሥራ አላት።

የጀበና ሰው

ቡናስ? ከምግብ በኋላ ቡና ሳይጠጣ የሚነሳ ቤት የለም።

ሐሞትና ቆሽት

የሥጋውን ብረት ቡና ብዙም አይነካውም። የምስሩንና የእንጀራውን ግን ይነካል። አንድ ሰዓት ቆይቶ ይፈላ። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ እስኪፈላ ያ ሰዓት በራሱ ይሞላል፤ ችግሩ ቴርሞስ ነው።

የቄራ ሰው

እስካሁን ማንም ያልነካውን ልንካ። ጥያቄው መጨረሻ ላይ ክትፎ ነው።

ጥሬውንም ለብለቡንም ለሁለት እንለያቸው የሚል ሰው ብዙ ነው። ከጤና አንጻር ግን ለብለብ ጥሬ ነው። ምጣዱ ላይ ቀለሙ ትንሽ ይቀየራል እንጂ መሀሉ ገና ለብ እንዳለ ነው የሚወጣው። የኮሶ ትል ዕጭ በበሬ ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጥ ከረጢት ነው፤ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ፈሳሽ የቋጠረ። የቄራ ተቆጣጣሪ መንጋጋውን፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን ሰንጥቆ ያያል፤ ብዙ ከረጢት ያለበትን በሬ ይይዛል፣ ሁለት ሦስት ብቻ ያለበት ግን ሊያመልጠው ይችላል። «የታወቀ ሥጋ ቤት ነው» የሚለው መተማመኛ እዚህ ላይ ያልቃል።

የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ መሀሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ (160 ፋራናይት) ሲደርስ በስሏል። ሙሉ ቁራጭ ከሆነ 63 ዲግሪ (145 ፋራናይት) ደርሶ 3 ደቂቃ ማረፍ፣ ዶሮ 74 (165 ፋራናይት)። የሥጋ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፤ ቀለም ያታልላል። ማቀዝቀዝም ትሉን ይገድላል፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ሳይቋረጥ ቢያንስ 10 ቀን። መብራት እየሄደ የሚመጣበት ቤት ግን 10 ቀኑ 10 ቀን አይደለም። ሌላም አለ፦ ቅዝቃዜ ሳልሞኔላና ኢ ኮላይን አይገድልም፣ ያስተኛቸዋል እንጂ። ሥጋ ሲከተፍ ከላይ ያለው ጀርም ወደ መሀል ይገባል፤ ክትፎ ከቁርጥ የሚብሰው በዚህ ነው። ዱለት ደግሞ ጨጓራና ጉበት ያለበት ስለሆነ ከሁሉም ይብሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ባታስቢው ይሻላል። ሚጥሚጣ፣ ሎሚና አረቄ ምንም አይገድሉም፤ የሚያጽናኑት በይውን ነው።

ድንገት ተበልቶ ከሆነ፦ ትሉ አድጎ ቁርጥራጩ በሰገራ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ያኔ ሜሪላንድ ነሽ፣ ሐኪሙም በመጀመሪያ ላያስበው ይችላል፤ ጥሬ የበሬ ሥጋ እንደበላሽና የት እንደበላሽ ራስሽ ንገሪው። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ያልቃል። የኮሶ አበባ በጥብጦ መጠጣት ግን ተዉት፤ መጠኑ አይለካም፣ መርዝነትም አለው። እርጉዝ ሴት ጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ በሚባለው ፅንስ የሚጎዳ ጥገኛ ተውሳክ ምክንያት ጨርሶ አትንካ።

ድራፍትና ቁርጥ

አባቶቻችን ጥሬ ሲበሉ ኖረው የለም?

የቄራ ሰው

ኖረዋል፤ በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጡ ነዋ። ዛፉ ስሙን ለትሉ የሰጠው በዋዛ አይደለም።

ከፖቶማክ ማዶ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሰዎች ይህን አንብቡት። «ሎን ስታር» የሚባል መዥገር አለ፤ ሴቷ ጀርባዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አላት። ንክሻዋ በአንዳንድ ሰው ላይ አልፋ ጋል ለሚባል ስኳር አለርጂ ይተክላል። ይህ ስኳር በአጥቢ እንስሳት ሥጋ ሁሉ ውስጥ አለ፦ በሬ፣ በግ፣ ፍየል፣ አሳማ። በዶሮና በዓሣ የለም። ነገሩን ያወጡት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ለካንሰር የሚሰጥ ሴቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት ሰዎችን ለምን በአለርጂ ያናውጣል ብለው ሲከታተሉ ነው የደረሱበት።

ለጠያቂዋ የሚመለከታት ለምንድን ነው? ሥጋ የሚበላ ሰው ይህ አለርጂ ሲይዘው ቶሎም ይሁን ዘግይቶ ምልክቱን ያያል። ሥጋ የማይበላ ሰው ግን ከዓመታት በፊት መዥገር ነክሶት፣ አለርጂው ተተክሎ፣ ምንም ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። የሚያውቀው ሲመለስ ነው። ደግሞ እንደ ለውዝ አለርጂ ወዲያው አይመጣም፤ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እራት 1 ሰዓት የበላ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ሰውነቱ አብጦ፣ አሳክኮት፣ ሆዱን ቆርጦት ይነቃል፤ አንዳንዱ ትንፋሽ ያጥረዋል። ከበላው ጋር ማገናኘትም ይቸግራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የበሬ ሥጋ ምሳ ይሁን እንጂ እራት አይሁን። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከተበላ እስከ ማታ ነቅተሽ ታይዋለሽ። ብቻሽን በሆንሽበት ቀንም አታድርጊው። መዥገር ነክሶሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ በተለይ ንክሻው ለሳምንታት ያሳከከሽ ከሆነ፣ ከመጀመርሽ በፊት ሐኪምሽን የአልፋ ጋል የደም ምርመራ ጠይቂ። ንክሻ የማያስታውስ ሰው ሁሉ ግን ይመርመር ማለቴ አይደለም፤ ምርመራው ፖዚቲቭ ሆኖ ሥጋ የሚስማማው ሰው አለ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ይህን ጨርሶ አልጠበቅኩም። አመሰግናለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ሽታው። ጥሬ ሥጋ ሲታጠብ ያለው ሽታ ከወዲሁ ያስጨንቃል። ቅቤውንስ ልተወው?

የድስቱ ዳር

ሽታው በአብዛኛው ስቡ ላይ ነው። የበግና የፍየል ሽታ ከስቡ የሚመጣ ስለሆነ በጅማሮ ሁለቱንም ተዪ፤ ያልተኮላሸ ወጠጤማ የለመደውንም ያስቸግራል። ከበሬ ጭቅና ወይም ነጭ ስቡ የተገፈፈ ሽንጥ ውሰጂ። ሥጋ አታጥቢ፤ ሽታውን በቤቱ ይበትናል፣ ጀርሙንም በመታጠቢያው ዙሪያ ይረጫል። በወረቀት ፎጣ ደረቅ አድርጎ መጥረግ ይበቃል። መስኮት ክፈቺ፣ የጥብስ ቅጠሉን ከሥጋው ቀድመሽ ዘይት ላይ ጣል አድርጊ። ትኩስ ወጥ ከቀዘቀዘው የበለጠ ይሸታልና ለብ ሲል ብዪ። ሥጋውን ሌላ ሰው ቢሠራውና አንቺ ማዕድ ላይ ብትደርሺ ደግሞ ግማሹ ጣጣ ያልቃል።

ነታንያ

ስለ ቅቤው እኔ ልመልስ። እስራኤል ያለን ሰዎች ሥጋና ወተት ስለማንቀላቅል ዶሮ ወጡም ምንቸቱም በዘይት ነው የሚሠራው፤ ቅቤ አይገባበትም። ጣዕሙ አይጎድልም፣ ግን ሽንኩርቱ ላይ ማታለል አይቻልም። ለአንድ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ከአንድ ሰዓት በላይ በዝግታ ይቁላላ። ቅቤው ይዞት የሚመጣውን ቅመም በዘይቱ ታስገቢያለሽ፦ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ትንሽ አብሽ፤ ዘይቱ ሞቅ ብሎ ሳይጨስ 10 ደቂቃ ይቆይና ይጠለል። ለጀማሪ ሆድ ጥቅሙ፣ ሥጋና ቅቤ በአንድ ቀን ስለማይገቡ የቱ እንዳስቸገረ ይታወቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተዘጋጀ) ሥጋ ጨው ተነስንሶበት ታጥቦ የሚመጣ ነው፤ ወጡ ላይ ጨው ከመጨመር በፊት ቅመሱ፣ ደም ግፊት ያለበት ደግሞ ያስብበት።

ሐሞትና ቆሽት

ነታንያ ያለው/ያለችው «የቱ እንዳስቸገረ ይታወቃል» የሚለው ዋናው ነገር ነው። በአንድ ቀን አንድ አዲስ ነገር። ንጥር ቅቤ የወተት ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ አይብና እርጎ ጥቂት አላቸው፤ ወተት ብዙ አለው። ክትፎ በአይብ በልቶ በላዩ ማኪያቶ የጠጣ ሰው ሲነፋው ሥጋውን ይከሳል፤ ጥፋተኛው ወተቱ ሊሆን ይችላል።

ጉበት የሚመክሩሽ ይመጣሉ። ቢ12ውና ብረቱ እውነት ነው፣ ግን ቪታሚን ኤው በጣም ከፍተኛ ስለሆነ በሳምንት ከአንድ ትንሽ ድርሻ አይለፍ፤ እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትብላው። ሪህ ወይም ከፍ ያለ ዩሪክ አሲድ ያለበት ሰው ጉበት፣ ኩላሊትና ቢራ በአንድ ማዕድ ላይ ካዋለ ሌሊቱን አውራ ጣቱን ይዞ ያድራል። @ድራፍትና ቁርጥ ሰላም ነው?

ላይኛው ገደብም አለ። የዓለም ካንሰር ምርምር ፈንድ የሚለው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ አትለፉ ነው፤ 500ው በጥሬው ከ700 እስከ 750 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ የሥጋ ቤት ቁጭታ ይህን ሊጨርሰው ይችላል።

ድራፍትና ቁርጥ

ሰላም ነው፣ ጣቴም ደህና ነው 😄 እሺ፣ ግማሽ ኪሎውን አንስቻለሁ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ሁሉንም ሰብስቤ ያወጣሁት ይህን ነው፤ አርሙኝ። አንደኛ ሳምንት (ነሐሴ 16 እስከ 22)፦ እንቁላል ብቻ፣ የተቀቀለ፣ መጀመሪያ ግማሽ፣ ከሁለት ቀን በኋላ አንድ። ሁለተኛ ሳምንት፦ ቦዘና ሽሮ በ30 ግራም፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ምሳ ላይ። ሦስተኛ ሳምንት (ነሐሴ 30 እስከ መስከረም 1)፦ ምንቸት አብሽ በ60 ግራም። አራተኛ፦ ጥብስ በ90 ግራም። አምስተኛ (መስከረም 9 እስከ 15)፦ በደንብ የበሰለ ክትፎ፣ 100 ግራም፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ። መስከረም 16 ደመራ፣ 17 መስቀል።

የድስቱ ዳር

ሦስተኛው ሳምንትሽ መጨረሻ እንቁጣጣሽ ነው፤ ዶሮ ወጥ ይመጣል፣ ስለዚህ በእቅዱ አስገቢው። ከደረቷ በኩል ያለ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል፤ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቅቤ በጭልፋ ገፈፍ አድርገሽ ከሥሩ ቅጂ። በዚያ ቀን ምንቸቱ ይቅር።

ምንቸት አብሽ ላይ፦ የተፈጨ ሥጋ ቀጥታ ትኩስ ቁሌት ውስጥ ሲወድቅ ይጓጉላል፣ መሀሉም ሳይበስል ይቀራል። በሦስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በእጅ በትነሽ አላልተሽ ጨምሪው፣ እስኪበታተን አማስዪ።

ለክትፎው ልምምድ፦ ቅቤውንና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ አቅልጠሽ ሥጋውን ጨምሪ፣ በዝግታ እሳት ሳትተዪ 6 እስከ 8 ደቂቃ አማስዪ፣ በቴርሞሜትር እይው። ድርቅ ይላል፤ አዎ፣ የበሰለ ክትፎ ይደርቃል፣ መድኃኒቱ አይብና ጎመን ነው እንጂ ተጨማሪ ቅቤ አይደለም። ጉራጌ አገር ስትደርሺ ደግሞ ክትፎው በጣባ ተደርጎ ከቀረበ በኋላ «ይብሰልልኝ» ማለት አሳፋሪም ዘግይቶም ነው። ሥጋው ሲከተፍ፣ ቅቤው ሳይገባበት፣ ጓዳ ገብተሽ የሚሠሩትን እናቶች በጊዜ ንገሪያቸው፤ የአንቺን ድርሻ ለብቻ ይለዩታል። ለብለብ ብለሽ አትዘዢ፣ «ሙሉ ለሙሉ የበሰለ» በይ።

ከፖቶማክ ማዶ

አንደኛው ሳምንት ጥሩ ነው። በሁለተኛው ከመጀመሪያው ቦዘና በኋላ ሁለት ቀን ጠብቂ፣ ከዚያ ቀጥዪ። ከመጀመሪያው ዝም ብሎ ያለፈ አለርጂ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው በኋላ ሊቆጣ ይችላልና በየጊዜው ምሳ ላይ መሆኑን አትርሺ።

የቄራ ሰው

የኔ እህት፣ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ሥጋውን ረቡዕና ዓርብ ነው ያስቀመጥሽው። ሃምሳው ካለቀ ቆይቷል።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ኧረ! ሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ አድርጌዋለሁ።